የማይከፈለው ሰልፍ

ፈጣሪ ዓለምን በመስፈርትና በኍልቍ እንደ ሠራ መጻሕፍት ይነግሩናል፤ ከቍጥሮችም መካከል ከራሱና ከአንድ በቀር ከፋይ የሌለው፥ ቢበትኑት የማይበተን፥ ቢመትሩት የማይመተር ብቸኛ ቍጥር መኖሩን፥ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ሳታውቅ አትቀርም። ስለዚህ ዓይነቱ ቍጥር የምነግርህን ግን ሳልፈራ አልነግርህም።

ደጃዝማች ድልነሳ የተባለ ኃያልና ቍጡ መስፍን ዓመፀኞችን ድል አድርጎ በማረከ ጊዜ በታቦት ፊት እንዲህ ሲል ማለ፦ «በሰልፍ የሚቆሙት ሁሉ በእኩል ረድፍ ቢከፈሉ አንዱ ረድፍ ለሰይፍ ይሰጥ፤ እኩል የሚያደርጋቸው ረድፍ ፈጽሞ ባይገኝ ግን እግዚአብሔር አላካፍልም ብሏልና ሁሉም ይሂዱ፤ አንድ ሰው ብቻውን ረድፍ አይባልም።» ሕያዋንን ብቻ በእውነት ሊቈጥሩ በመስቀል የማሉት የባሕረ ሐሳብ ሊቁ አለቃ ጥዑመ ልሳን ነበሩ። ምርኮኞቹ አንድ ሺህ ዘጠኝ ሆኑ። አለቃ ጠጠራቸውን ዘርግተው በሁለት፥ በሦስት፥ በሰባት ቢከፍሉ አንድ ሰው ተረፈ፤ በአምስት አራት፥ በዐሥራ ሦስት ስምንት፤ ሠላሳ አንድ ላይ ቢደርሱም ዐሥራ ሰባት ተረፈ። ከዚያ በላይ ከፋይ ቢኖር ጓደኛው ከታች በተገኘ ነበርና ጠጠራቸውን ሰበሰቡ።

«አለቃ፥ ጠጠርዎ መነኰሰ እንዴ? ደም ፈራ እኮ!» አለ ደጃዝማቹ።

«ጠጠሩስ አይፈራም፤ የምፈራው እኔ ነኝ» አሉ አለቃ።

በነጋው፥ ምሕረቱ በአዋጅ ሳይነገር፥ ምርኮኞቹ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰልፈው ይቈጠሩ ዘንድ ታዘዘ። አለቃ መስቀላቸውን ይዘው ሲያልፉ አጥናፉ የሚባለውን ቍስለኛ በሁለት ወንድሞቹ ትከሻ መካከል ተደግፎ ቆሞ አገኙት፤ ዐይኑ ተገልጧል፥ በተገለጠውም ዐይን ላይ ዝንብ ትሄዳለች።

«ደክሞት ነው፥ አባቴ» አለ ደርሶ የተባለው ታላቅ ወንድሙ በሹክሹክታ። «ይቍጠሩት። በሕይወቱ ለማንም አልተመቸም፤ ዛሬ እንኳ ይጥቀመን።»

አለቃ ገረጡ። ሙቱን ቢቈጥሩ መሐላቸው ይፈርሳል፤ ባይቈጥሩት አንድ ሺህ ስምንት ይቀራል፥ ይህም በሁለት፥ በሦስት፥ በሰባት፥ በዘጠኝ ያለ ትራፊ የሚከፈል፥ ለሰይፍ የተመቸ ቍጥር ነው።

«አስተኛው ልጄ፤ እኔ እቆምለታለሁ» አሉና ጥምጣማቸውን አውልቀው የሙቱ እግር ፋና ባልጠፋበት ሥፍራ ቆሙ። ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው «አንድ ሺህ ዘጠኝ ነን!» አሉ።

ደጃዝማቹ ቀርቦ «ከመቼ ወዲህ ነው ምርኮኛዬ የሆኑት?» ቢላቸው፥ «በሰልፍ የሚቆሙት ሁሉ ብለው ምለዋል፤ እነሆ ቆሜያለሁ» ብለው መለሱ። እርሱም ታቦቱን ፈርቶ ሁሉንም ለቀቀ፤ አለቃንም ከምርኮኞቹ ጋር ከአገሩ አሰናበተ።

ከዚያ ወዲህ ግን አለቃ በደብር ካህናትን፥ በማዕድ እንግዶችን፥ በመቃብር ለቀስተኞችን ሲቈጥሩ አንድ ሰው ይበልጥባቸው ጀመር። አጥናፉ በክብር ተቀብሯል፥ ተዝካሩም ወጥቶለታል፤ ሆኖም ዐይኑን እንደ ገለጠ፥ ማንም ሳይደግፈው፥ ከሁሉ ኋላ ቆሞ ያዩታል። «አጥናፉ፥ ልጄ፥ ተቀመጥ» ይሉታል፤ አይቀመጥም፤ ሥፍራውን የወሰዱበት ሙት፥ መቆሚያ ሽቶ ሕያውን ይከተላልና።