ሦስተኛ ማርሽ

ባለሱቁ ሀምዳን መኪና መንዳት ይችላል አይችልም ብሎ የተከራከረ ሰው መርካቶ ሰባተኛ ላይ አልነበረም። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ያችን ሰማያዊ ፊያት በተሸካሚና በጋሪ መሃል ሲያሾልካት ኖሯል። ጉዱ የመጣው ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው። ከአንዲት የተረገመች ዓርብ በኋላ ሰውዬው ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ አያውቅም። የትም ይሂድ፣ መንገዱ የቱንም ያህል ጭር ይበል፣ ሁለተኛ ላይ ሲደርስ እጁ ይደርቃል። ሚስቱ ሱሀይር "ኧረ በአላህ፣ በእግራችን ብንሄድ እንቀድም ነበር!" እያለች ታሾፍበታለች፤ እሱ አይስቅም።

የዚያች ዓርብ ነገር አጭር ነው። ሀምዳን ቸኩሎ ሲበር፣ ካርቶን ተሸክሞ በፊቱ ይሻገር የነበረውን ደምመላሽን ገጨው። የተሸካሚው ግራ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሽማግሌ ገባ፣ ሀምዳን የሚገባውን ሁሉ አደረገ፣ ደምመላሽም ሰው በተሰበሰበበት "ይቅር ለእግዜር" አለ። አለቀ። አሁን ሸክም ስለማይችል የአንድ ነጋዴ መጋዘን ይጠብቃል፤ ከሀምዳን ሱቅ ብዙም አይርቅም። የበደለ ሰው መቼም ዓይነ ሰባራ ነው። ሀምዳን ድሮ "ደምሴ፣ አንተ ሰውዬ!" እያለ ይቀልድበት የነበረውን ሰው "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?" ማለት ጀመረ። በአምስት ዓመት ቢበልጠው ነው እኮ!

እንግዲህ አንድ ሐሙስ ይኸው ደምመላሽ ምርኩዙን እያንኳኳ ሱቁ መጣና ባንኮኒው ላይ አንድ ወረቀት አኖረ። የመኪና ክለብ የቅዳሜና እሁድ ውድድር መመዝገቢያ ነው፤ የመጋዘኑ ባለቤት የክለቡ አባል ነው። "ሹፌር፦ ሀምዳን፣ ረዳት፦ ደምመላሽ" ተብሎ ተሞልቷል።

"ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሼ?"

"ውድድር ነዋ። መኪና ያለው ሁሉ ይገባል። አስመዝግቤሃለሁ።"

"እኔን? ለምን?"

"አንተ ትነዳለህ፣ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ሌላ ነገር አትጠይቀኝ።"

እምቢ ይበል? ለዚህ ሰው በምን አፉ እምቢ ይላል? ቅዳሜ እስኪደርስ ነገሩን ቢያወጣው ቢያወርደው አልገባ አለው። በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው? ሊበቀለኝ ነው? ስሙም እኮ ደምመላሽ ነው! ሱሀይርን ቢያማክራት "ሰው ሽርሽር ቢጋብዝህ ምን ያስጨንቅሃል?" አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ደምመላሽ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። መኪናዋ ቆማለች፣ ሞተሯም ጠፍቷል፤ እሱ ግን በፊቷ አላለፈም። ምርኩዙን እየጎተተ በኋላዋ ዞሮ ገባ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፤ ከተገጨ ወዲህ የቆመ መኪና እንኳ ቢሆን በፊቱ አያልፍም። ሀምዳን አየና አንገቱን ደፋ።

የውድድሩ ሜዳ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ አውሮፕላን ማሳረፍ የተወ አሮጌ አስፋልት ነው። ሃያ መኪና ተሰልፏል። ሄልሜት አጠለቁላቸውና "ንዱ" አሏቸው። ሀምዳን ዙሪያውን ቢያይ መንገዱ ባዶ! ጋሪ የለ፣ አህያ የለ፣ "ዞር በል!" የሚል የለ። ዓይኑን የት እንደሚጥል ጠፋው። እጁ ለምዶበት ለባዶው አስፋልት ክላክስ ቢነፋ ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። በሁለተኛ ማርሽ ሲጎተት ደግሞ አንድ ሰውዬ ጥግ ላይ ቆሞ ሰማያዊ ባንዲራ ያወዛውዝለት ጀመር። መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የሚያወዛውዝልህ ሰው መኪና የሚያስቆምልህ ነው እንጂ ሌላ ማን ሊሆን ነው? "ና፣ ና፣ ቁረጥ!" ማለቱ ነው። ሀምዳንም መሪውን ቆረጠና ከሰውዬው አጠገብ አስተካክሎ አቆመ፤ የእጅ ፍሬንም ያዘ።

"ምን እያደረግክ ነው?" ብሎ ጮኸ ባለባንዲራው።

"አቁም አላልከኝም እንዴ?"

"ከኋላህ ፈጣን መኪና መጥቷል፣ አሳልፍ ነው ያልኩህ!"

ደምመላሽ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሀምዳን ግን ያ ሳቅ የወዳጅ ይሁን የጠላት መለየት አቃተው።

እሁድ ሰዓት የሚያዝበት ዙር ነበር። መኪናዋ ግማሽ ዙር እንደተጎተተች ደምመላሽ "ሦስተኛ አስገባ" አለ።

"አልችልም ጋሼ።"

"ሰው የለም እኮ! ማንን ልትገጭ ነው?"

ሀምዳን ወደ ፊት ተመለከተ። እውነቱን ነው፣ ማንም የለም። የሚፈራው ሰው አጠገቡ ተቀምጧል። ቢስሚላህ ብሎ ፍሪሲዮን ረገጠና ማርሹን ገፋው። ገባ! ፊያቷ ተስፈነጠረች፣ ነፋሱ በመስኮቱ ጮኸ፣ የሀምዳንም ልብ ለአንድ አፍታ ቀለል አለ። ዞር ሲል ግን የደምመላሽ ፊት አመድ መስሏል። ሁለት እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ተክሎ፣ በዚያ በተሰበረ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

ሀምዳን ደንግጦ ጥግ ይዞ ቆመ። "ለምን አመጡኝ? ይንገሩኝ እንጂ! ግራ ገብቶኝ ልሞት ነው!"

ደምመላሽ ሄልሜቱን አወለቀ። ላቡ ይንቆረቆራል።

"ይቅር ለእግዜር ያልኩት ሽማግሌ ፊት ነው። ሰው እያየህ ሌላ ምን ትላለህ? ቤቴ ገብቼ፣ 'ከልብህ ነው ወይ?' ብዬ ራሴን ብጠይቅ መልስ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ የለም። እንደዚያን ቀን ሲነዳ አጠገቡ ብቀመጥ ልቤ ይነግረኛል አልኩ።"

"እና ምን አለዎት?"

"ፈራሁ። ጠልቼህ ነው እንዳልል፣ ትናንት ባንዲራው ጋ ስትቆም ሳቄ መጣ። እኔ እንጃ! እኔም ግራ ገባኝ።" ምርኩዙን ወለሉ ላይ መታ። "ደግሞ ይሄን አንቱታህን ተወኝ። ድሮ ደምሴ ነበርኩ፤ ብትገጨኝ ጋሼ ሆንኩ?"

ሀምዳን መሪውን ያዘ። በሁለተኛ ማርሽ ዙሩን ጨረሱ፤ ከሃያ መኪና ሃያኛ ወጡ።

አመሻሽ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሰባተኛ ደረሱ። መጋዘኑ ከመንገዱ ማዶ ነው። ደምመላሽ ወረደ፤ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ መዞር ጀመረ። ሀምዳን በመስታወት እያየው አንገቱን ሊደፋ ሲል፣ ሰውዬው ቆመ። ቆየ። ተመለሰና ከፊት መብራቱ ጎን ደረሰ። ሀምዳን ተጣድፎ ሞተሩን ሊያጠፋ ቁልፉን ያዘ።

"አታጥፋው!" አለ ደምመላሽ።

ከኋላ ታክሲዎች ክላክስ ያቀልጡታል። ሀምዳን ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠ። ደምመላሽ አንድ እርምጃ ገባ። ሌላ ጨመረ። መሃል ላይ ሲደርስ እግሩ ከዳው፤ ሁለት መዳፉን የሚርገበገበው ኮፈን ላይ አኑሮ በመስታወቱ ውስጥ ሀምዳንን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ምርኩዙን አንስቶ ተሻገረ።

ሀምዳን አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ደምሴ!" አለ። "ነገ ጠዋት ከቤትህ መጥቼ ላምጣህ?"

ደምመላሽ ሳይዞር ምርኩዙን ከፍ አደረገ።

"ተወው፣ በእግሬ እመጣለሁ።"