ስልኩ ያላወቀው አውራ ጣት

«ስልኩ ተበላሽቷል ብያለሁ! አለቀ!» አሉ አናጢው፣ እጃቸውን ከኋላቸው ደብቀው።

የሂሳብ ሠራተኛዋ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አገላብጣ አየችው። ምንም አልሆነም። ጠዋት በዚሁ ስልክ ከባለቤታቸው ጋር ሲጨቃጨቁ ሰምታለች።

«ጋሼ፣ ቀልዱን ይተዉት። የግብር ማስታወቂያው ተዘጋጅቶ አልቋል፤ የቀረው የእርስዎ አሻራ ነው። ዛሬ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ እኮ ይዘጋል፣ ከዚያ ቅጣት ነው።»

«ታዲያ አንቺ አትነኪውም? ያዘጋጀሽው አንቺ፣ የምታውቂው አንቺ። እኔ መቼ አንብቤው አውቃለሁ?»

ይህስ እውነት ነው። ከትምህርት ቤት እንደወጣች ቀጥረዋት፣ ዓመት በመጣ ቁጥር የምታቀርብላቸውን ወረቀት ሳያነቡ፣ ግማሽ ገጽ በሚይዝ ፊርማ ሲያስጌጡላት ኖረዋል። ዘንድሮ ግን ወረቀት ቀረ። ደንቡም ግልጽ ነው፦ ሠራተኛ የአሠሪውን ግብር ያዘጋጃል፤ የሚያጸድቀው ግን ባለቤቱ ራሱ፣ ስልኩ ላይ ባስመዘገበው በገዛ ጣቱ ነው። በአሠሪው ስም የራሱን ጣት ያስመዘገበ ሠራተኛ የሙያ ፈቃዱን ይነጠቃል። እሷ ደግሞ ያንን ፈቃድ ያገኘችው ቀን እየሠራች ማታ እየተማረች፣ ፈተናውን ስትወድቅ ስትነሳ ነው።

«ከነካሁት ሥራዬን ነው የማጣው፣ ጋሼ።»

«ማን ያያል?»

ስልኩን ከእጇ ነጥቀው ወደ እጅ መታጠቢያው ሄዱ። ውሃው ሲፈስ፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲፈስ ሰማች። ሰዓቱ ይሄዳል። ተናዳ ተከተለቻቸው።

አውራ ጣታቸውን በሳሙና ፈትገው፣ በሸሚዛቸው አድርቀው፣ ስልኩ ላይ ተጫኑት። «አሻራዎ አልታወቀም» አለ ስልኩ።

«ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው» አሉ ሳይዞሩ። «ቅባት ቀባሁት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። በገዛ ስልኬ ባዳ ሆንኩ እኮ!»

እጃቸውን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው። አውራ ጣታቸው እንደሚወለውሉት ጠረጴዛ ልሙጥ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ሲያለሰልሱ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ የጣታቸውንም መስመር ጠርጎ ወስዶታል። ጓንት ያድርጉ ሲባሉ «እንጨትን በጓንት መዳሰስ ልጅን በግድግዳ ማዶ መሳም ነው» ብለው ይስቃሉ።

አንጀቷን በሏት። የራሷን አውራ ጣት አየች። አንዴ መንካት ብቻ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ያበቃል። ሽማግሌውም ጣቷን ስታይ አዩዋት።

«ተዪው፣ ልጄ!» አሉ ቶሎ ብለው። «እኔ ልቀጣ። የደከምሽበትን በእኔ ምክንያት አታጪም። ቅድም አፌ ነው የቀባጠረው።»

«ሌሎቹንስ ሞክረዋል?»

«ሁሉም ያው ናቸው።»

«እመቤቲቱንስ?»

እመቤቲቱ ትንሿ ጣታቸው ናት። በልጅነታቸው ተሰብራ ስትድን አልታጠፍም ብላ ቀረች። እንጨት ሲያለሰልሱ ለብቻዋ ቀና ስለምትል፣ ሠራተኞቻቸው ናቸው ይህን ስም ያወጡላት።

«እሷማ ሥራ ሠርታ አታውቅ! ምን ትጠቅማለች?»

«ለዚህ ነዋ የፈለግኳት!» አለች እየሳቀች።

ትንሿን ጣት ስልኩ ላይ አሳረፉ። አረንጓዴ ምልክት በራ። ተመዘገበች። አናጢው ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ያቺኑ ጣት መልሰው ተጫኑ፤ ማስታወቂያው ጸደቀና ተላከ። «አየሽ? አወቀኝ!» ብለው ጮኹ። እሷ እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

ወደ ሥራ ቦታቸው ተመልሰው ብርጭቆ ወረቀቱን አነሱ። ከዚያ መልሰው አስቀመጡት። ከመወልወያው ጨርቅ ንጹሑን ቀደዱና በትንሿ ጣታቸው ላይ ይጠመጥሙ ጀመር።

«ምነው ጋሼ፣ ተቆረጡ እንዴ?» አለ አጠገባቸው ያለው ሠራተኛ።

«የለም» አሉ፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው እያጠበቁ። «ለከርሞ ልጄን እንዳላስጨንቃት ነው።»