ከነጥብ በኋላ አንድ አኃዝ

ወንድሜ አምሐ የመልቀቂያ ፈተና ውጤቱ ሦስት ነጥብ አራት መሆኑን የሰማ ዕለት ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ቤታችን እየሮጠ መጣ። ለዩኒቨርሲቲ ከበቂ በላይ ነበር። የምደባው ዝርዝር ሲወጣ ግን ስሙ አልነበረበትም። በዚያ ክረምት ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቶችን ይመለምል ነበርና፣ የምደባ ወረቀት በእጁ የሌለው ልጅ ከደጅ መውጣት ይፈራ ነበር።

ምደባውን የሚሠራው ኮምፒዩተር የሚገኘው እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። ኃላፊዬን ጓድ ኃይለመስቀልን ጠየቅኋቸው።

«ውጤቱ የተመዘገበበትን ካርድ ማሽኑ ጥሎታል» አሉኝ። «ውጤቱ ስሕተት አለበት ብሏል። ለትምህርት ቤቱ በፖስታ ይላካል፤ አጣርተው ይመልሱታል።»

«መቼ?»

«ፖስታ ነው እንግዲህ ፀዳለ፣ አውሮፕላን አይደለም።»

የተጣሉትን ካርዶች አስፈቅጄ አየኋቸው። ሦስት ነጥብ ሁለት፣ ሁለት ነጥብ አራት፣ ሦስት ነጥብ አራት፣ እንደገና ሦስት ነጥብ አራት። ሦስት ነጥብ ስድስት ግን አንድም አልነበረም።

ውጤቱ ከዜሮ እስከ አራት ሙሉ ነጥብ የሚሰጥባቸው የአምስት ትምህርቶች አማካይ ስለሆነ ከነጥብ በኋላ ከአንድ አኃዝ በላይ ሊኖረው አይችልም። ፕሮግራሙ የሚመረምረውም ይህንኑ ነበር፤ ቁጥሩን በአሥር አባዝቶ ሙሉውን ይቀንሳል፣ የሚተርፍ ካገኘ ካርዱን ይጥላል። በወረቀት ላይ እንከን የለውም። ማሽኑ ግን እንደ እኛ በአሥር አይቆጥርም። ሦስት ነጥብ አራትን በልኩ መያዝ ስለማይችል እጅግ በጥቂቱ አሳንሶ ይይዘዋል፤ በአሥር ሲያባዛውም ሠላሳ አራት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ያችን ጉድለት ነው ስሕተት ያላት። ሦስት ነጥብ ስድስትን ግን ወደ ላይ ስለሚያጠጋጋው ሙሉ ሆኖ ያልፋል።

«ማሽኑ ይዋሻል ልትይኝ ነው?» አሉ ጓድ ኃይለመስቀል።

«አይዋሽም። ልክ ያልሆነው የእኛ ጥያቄ ነው።»

«ወንድምሽ ባይሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ትደክሚ ነበር?»

«ባይሆን ኖሮ አላየውም ነበር።»

በለዘበ ድምፅ፣ የጸደቀ ፕሮግራም ያለ ኮሚቴ እንደማይነካ፣ ኮሚቴው ደግሞ ሐሙስ እንደሚሰበሰብ ነገሩኝ።

ረቡዕ ዕለት ቤታችን ላምባ አለቀ። እናቴ «እኔ እሄዳለሁ፣ አንተ ተቀመጥ» ብትለው፣ አምሐ ጀሪካኑን ከእጇ ወሰደ።

«የእኅቴ ማሽን እስኪያምነኝ ድረስ በጨለማ ልንቀመጥ ነው እንዴ፣ እማዬ?»

መልማዮቹ ከቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ወሰዱት። ጀሪካኑን ያመጣችልን ጎረቤታችን ዋጋነሽ ናት፤ ባዶውን።

ሐሙስ ኮሚቴው ተስማማ። የተለወጠው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ከሙሉ ቁጥር በጥቂቱ የራቀውን እንደ ሙሉ እንዲቆጥር። የተጣሉት ካርዶች ሁሉ አለፉ። ወንድሜ ምሕንድስና ደረሰው።

ዓርብ ከእናቴ ጋር ወረቀቱን ይዘን ቀበሌ ሄድን። ሊቀ መንበሩ አንብቦ ሲጨርስ በሁለት እጁ መለሰልኝ።

«ጎበዝ ልጅ ነው» አለ። «ዛሬ ንጋት ላይ ተጭነዋል።»

«ወዴት?» አለች እናቴ።

«እሱን እኛም አናውቅም፣ እናቴ።»

ስንመለስ ክንዴን ይዛ በዝግታ ትራመድ ነበር። ዝናብ ጀመረ፤ ወረቀቱን ከነጠላዋ ሥር አስገባችው።

«እስኪመለስ ቦታውን ይጠብቁለታል?» አለችኝ።

የመሥሪያ ቤቱን ደንብ አውቀው ነበር። በመስከረም ያልተመዘገበ ተማሪ ቦታ ለሌላ ይሰጣል።

«ይጠብቁለታል» አልኳት።