የቁጥር መቶ አሥራ ስምንት ቀብር

አለቃዬ ጸጋይ «ክላውድ» ሲል ጣቱን ወደ ኮርኒሱ ይቀስራል። ቦሌ መንገድ ላይ አምስተኛ ፎቅ ስለተከራየ ሰማዩን አብሮ የተኮናተረው ይመስለዋል። በሕይወቱ አንድ መስመር ኮድ ጽፎ አያውቅም፤ ከረባቱ ግን እኔ ከምሠራበት ኮምፒውተር ይወደዳል። በ2009 ዓ.ም. ከተማው ሁሉ ሲቆፈርና ሲገነባ እሱም የሚቆፍረው ነገር ሲፈልግ ዕድር አገኘ።

«ዕድርን እናዘምናለን» ብሎ ከኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ ያለ አንድ ያረጀ ዕድር አሳመነ። አባላቱ የድሮ ገበሬዎች ናቸው። ማሳቸው ላይ ፎቅ በቅሎበት እነሱ ገሚሱ ሰሚት፣ ገሚሱ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ተበትነዋል፤ አንድ ላይ የሚያገናኛቸው የቀረ ነገር መቀባበር ብቻ ነው። ጸጋይ ጥሩንባ ነፊያቸውን አስቀርቶ ሞት በስልክ መልእክት እንዲነገር አደረገ። ሊቀመንበሩ አቶ ቢቂላም ሁለቱን መዝገቦች፣ የአባላቱንና የተቀበሩትን፣ በሁለት እጃቸው አስረከቡን። የአባላቱ ስልክ ቁጥር ሳይቀር ያለው እዚያ ላይ ነበር።

የእኔ ሥራ ቀላል ነው። ሁለቱን መዝገቦች ገልብጬ ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ጫንኩ። ከዚያ የእያንዳንዱን አባል ቁጥርና ስም እያነሳ ጥያቄ አዘጋጅቶ የሚልክ ኮድ ጻፍኩ። ጥያቄው «ይህ ቁጥር በዚህ ስም ከተቀበሩት መካከል አለ ወይ?» የሚል ነው። መልሱ «አለ» ከሆነ ሰውዬው ሞቷልና አባልነቱ ይዘጋል። በኮዴ ኮርቼ ነበር። ያንን የተጨማለቀ የእጅ ጽሑፍ ወደ ሥርዓት ያመጣሁ መስሎኝ ነበር።

ስሞቹን ለማጣራት ዕድሩ ቤት በተቀመጥኩበት ቀን እማማ ብርቄ መጡ። ቀጭን፣ የሚያስላቸው፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ ሴት ናቸው። መቶ አሥራ ስምንት ቁጥር መኖሩን እንዳሳያቸው ለመኑኝ። አወጣሁላቸው፤ «ጎበና ጉዲሳ» ይላል። ባላቸው ናቸው፤ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። እማማ ብርቄ ስክሪኑን በጣታቸው ነካ አደረጉና፣

«ልጅም ዘመድም የለኝም፤ የሚቀብረኝ ይሄ ቁጥር ነው፤ አደራ እንዳይጠፋ» አሉኝ።

እኔም በሆዴ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው ስም መቀየር ያቃታቸው» ብዬ፣ አንገቴን ነቅንቄ ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ። ሰው ሲንቅ ጆሮው አይሠራም።

ማክሰኞ ኮዱን ሳስኬደው ስልሳ አንድ አባላት ተዘጉ። በዛብኝና አቶ ቢቂላ ጋ ደወልኩ። እሳቸው በትዕግሥት አስረዱኝ። በእነሱ ዘንድ ባል ሲሞት ቁጥሩ በስሙ ይቀራል፤ ሚስትየዋ በዚያው ትቀጥላለች። ስሙን መሰረዝ ሰውዬውን ሁለተኛ መቅበር ነው። ስለዚህ ኮዴ ሞቱ ብሎ የዘጋቸው ስልሳ አንድ ሰዎች ቁጭ ብለው ምሳቸውን የሚበሉ ባልቴቶች ናቸው። መቶ አሥራ ስምንትም አለችበት።

ወዲያው ለጸጋይ ነገርኩት። ሐሙስ ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ ለባለሀብቶች የሚያቀርበውን ገለጻ በመስታወት ፊት እየተለማመደ ነበር።

«ጸዲ፣ ስልሳ አንድ እኮ ምርጥ ቁጥር ነው» አለኝ። «ስልሳ አንድ ሙት መዝገብ ላይ ተኝቶ አገኘን ስንላቸው ያብዳሉ። ዓርብ ታስተካክይዋለሽ፤ እስከዚያ እንዳትነኪው።»

የሚስተካከለው አንዲት መስመር ነበረች፤ ሻይ ሳይበርድ የሚያልቅ ሥራ። በልቤ «ደደብ» አልኩት፣ በአፌ «እሺ» አልኩት። እንዲህ ነበርኩ እኔ። ሰውን በልቤ ከናቅኩ የድርሻዬን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ሆቴሉ ደረስን። ጸጋይ ሁለቱን መዝገቦች ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ትናንት» የሚል ጽሑፍ ለጠፈባቸው፤ አጠገባቸው ታብሌት አቁሞ «ዛሬ» አለው። ባለሀብቶቹ ያንን የእጅ ጽሑፍ እንደ ሙዚየም ዕቃ ፎቶ አነሱት፤ አንዷማ አብራው ተነሳች። «ስልሳ አንድ» ሲባል አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ስልክ ዝጉ ስለተባልን የእኔም ተዘግቶ ነበር።

ስከፍተው ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ አቶ ቢቂላ አሥራ አራት ጊዜ ደውለዋል። መልሼ ደወልኩ።

«ልጄ፣ ብርቄ ዛሬ ጠዋት ዐረፈች» አሉኝ። ድምፃቸው ደክሟል። «ማሽኑ መቶ አሥራ ስምንት የሚባል የለም ይለኛል። የአባል ሞት ካልሆነ ደግሞ ለማንም አይነግርም። የሰዉ ስልክ ያለው እናንተ በወሰዳችሁት መዝገብ ነው። ቤት ለቤት ዞሬ ያገኘሁት አሥር ሰው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቀብራለን።»

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቁጥሩን በእጄ ከፈትኩት፤ መልእክቱም ወጣ። ከአራብሳ በሃያ ደቂቃ የሚያደርስ ግን አውሮፕላን ብቻ ነው። ስልሳዎቹ ባልቴቶች ደግሞ አሁንም ዝግ ናቸውና መልእክቱ አይደርሳቸውም። ታክሲ ይዤ በረርኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ስደርስ ሬሳው ግቢ ገብቷል። የሚሸከም ጎልማሳ ጠፍቶ አቶ ቢቂላ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሕንፃ አራት የቀን ሠራተኞች ለምነው አምጥተዋል። ልጆቹ ሲሚንቶ እንደለበሱ፣ ቆባቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። አንዳቸውም ሟቿን አያውቋትም፤ ከእኔ ይልቅ ግን ያዘኑት እነሱ ይመስላሉ።

ቄሱ መጽሐፉን ገልጠው የሟቿን የክርስትና ስም ጠየቁ። አቶ ቢቂላ ወደ ጎረቤቶቹ ዞሩ፤ ጎረቤቶቹ መሬት መሬት አዩ። እንዲህ ያለውን የሚያውቁ የማኅበር እኅቶቿ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሁሉም ባልቴቶች ናቸው። ሌላ ሬሳ ከኋላችን ደርሶ ቆሟል። ቄሱ ደጋግመው ሲጠይቁ ዓይኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ መዝገቡን የወሰድኩት እኔ ነኛ።

«ወለተ ማርያም» አልኩ።

ከየት እንዳመጣሁት ማንም አልጠየቀኝም። ሲሉ የሰማሁት የተለመደ ስም ነው፤ ከአሥር ሴት ሦስቷ ትጠራበታለች። ቄሱም ፍትሐቱን በወለተ ማርያም ስም ፈቱ፣ ነፍሷን ይማር አሉ፣ አፈሩ ተመለሰ። ጸጋይን ስንቀው የኖርኩበትን ነገር እሱ እንኳ እንዲህ ባለ ፍጥነት አይሠራውም።

ሰዉ ሊበተን ሲል ወይዘሮ ፈለቀች፣ የብርቄ የማኅበር ጓደኛ፣ ከሰሚት እያለከለኩ ደረሱ። ወሬውን የሰሙት ከዳቦ ሻጭ ነው። መቃብሩን አቅፈው አለቀሱና ቀና ብለው በማን ስም እንደተፈታች ጠየቁ። አቶ ቢቂላ አዩኝ። የተናገርኩትን ስም ነገርኳቸው።

ወይዘሮ ፈለቀች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ወለተ ማርያም እኔ ነኝ» አሉ። «ብርቄ ወለተ ሐና ናት።»

አቶ ቢቂላ ቄሱን ሊጠሩ ሄዱ። ቄሱ ግን የሚቀጥለውን ሬሳ ጀምረው ነበር።