ያልተለቀቀው ክርን

ቾኤይ ከቡጢ የመሸሽ አመል ነበረበት። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ናሃ ወደብ ላይ የዓሣ ጀልባ ሞተር ይጠግናል። ካራቴ ከጀመረ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነውም፣ ቡጢ ወደ ፊቱ በመጣ ቁጥር ግራ እግሩ ሳያማክረው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። አስተማሪያቸው እማማ ጹሩ የሚያሠሩት መከላከያ ደግሞ ለሚሸሽ ሰው አይሆንም። ቡጢው ሲመጣ በሰያፍ ወደ ፊት ይገባል፤ በመዳፍ ገፋ አድርጎ ማሳት፣ አንጓውን ይዞ መሳብ፣ ከዚያ በሌላው ክንድ ክርኑን ከላይ መጫን። የተያዘው ሰው ሲበቃው ጭኑን መታ መታ ያደርጋል፤ ያኔ ወዲያው መልቀቅ ነው።

እጁ ምንም እንዳልጎደለው፣ ቀድሞ ወደ ቤቱ የሚሄደው እግሩ እንደሆነ እማማ ጹሩ ስንቴ ነግረውታል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም።

የልምምድ ጓደኛው ሴይጁን ነበር። ሴይጁን ሸክላ ሠሪ ነው፤ እጁም አፉም ፈጣን። በዚያ ዓመት ለጸደይ በዓል በሕዝብ ፊት ትርኢት እንዲያሳይ እማማ ጹሩ የመረጡት እሱን ነው። ቾኤይ እንኳን ደስ አለህ አለው፤ ከአንጀቱ ግን አልነበረም። በሳምንቱ እሑድ ጠዋት ልብስ ሲቀይሩ ሴይጁን ለሌሎቹ፣ "ቾኤይን እኮ ያስቀሩት አዝነውለት ነው፤ አንድ ቡጢ ቢሰነዘርበት እስከ ወደቡ ሳይቆም ይሮጣል" አለ። ሁሉም ሳቁ። ቾኤይም አብሮ ሳቀ።

ከዚያ ወጥተው ፊት ለፊት ቆሙ፤ ሴይጁን ሰነዘረ። ያን ጠዋት የቾኤይ እግር አልሸሸም። ወደ ውስጥ ገባ፤ መዳፉ ቡጢውን አሳተው፣ አንጓው እጁ ላይ ወደቀ፣ ክንዱ ክርኑን ሲጫነው ሴይጁን እስከ ጉልበቱ ጎነበሰ። አሥራ ሁለት ዓመት የለፋበት ነገር በአንድ ትንፋሽ ሆነለት። ሴይጁን ጭኑን መታ መታ አደረገ። ቾኤይ ሰምቷል። ግን ትንሽ ይቆይ፣ ሳቁን ይዋጣት አለ በልቡ፤ ጫን አደረገው። ክርኑ ቀጭ አለ።

ሐኪም ቤት ሴይጁን ለባለቤቱ ለሺዙም ለእማማ ጹሩም ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ፣ መታ ያደረገው ዘግይቶ እንደሆነ ነገራቸው። ቾኤይ አልጋው አጠገብ ቆሞ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ ወደ ሸክላ ቤቱ እየሄደ ጭቃ ያቦካ ጀመር። ሺዙ የአሳማ ሥጋ ሾርባ ታቀርብለትና ለጎረቤቱ ሁሉ ከሥጋ ወንድም እንደሚበልጥ ታወራለች። እሷ ባመሰገነችው ቁጥር ሾርባውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ጭቃው ይመለሳል። ቤቱ ገብቶም ያቺ የቀጭታ ድምፅ ከጆሮው አትወጣም።

በሁለተኛው ወር የሴይጁን ጀሶ ተፈታ። ክንዱ ግን እንደታጠፈ ቀረ፤ ቀጥ አልል አለ። ሴይጁን ሸክላ የሚሠራበት መዘውር ፊት ተቀምጦ የመጀመሪያዋን ጎድጓዳ ሳህን ሲያወጣ አንድ ጎኗ ዘመመ። ጨፍልቆ ወደ ጭቃው ክምር ጣላት። ቾኤይ ከዚህ በላይ አልቻለም።

"ሴይጁን፣ ያን ቀን አልዘገየህም። መታ ስታደርግ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው የጫንኩህ።"

ሴይጁን እጁን በባልዲው ውሃ ተለቃለቀ። "አውቃለሁ" አለ። "አራት ጊዜ ነው የመታሁት።"

"ታዲያ ለምን ዘገየሁ አልክ?"

"ሚስቴ ፊት ምን እንድል ፈለግህ? ራሱ ይናገራል ብዬ ነው። ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ስታቦካ፣ ዛሬ ይናገር ይሆናል፣ ነገ ይናገር ይሆናል ስል ከረምኩ።" እጁን ጨርቅ ላይ አደረቀ። "ነገ አትምጣ።"

ቾኤይ ሲወጣ ለሺዙም ነገራት። እሷም ያቀረበችለትን ሾርባ አንስታ ወደ ድስቱ መለሰችው።

እሑድ በሁሉም ፊት ተናገረ። እማማ ጹሩ እንዲያባርሩት ተመኝቶ ነበር፤ አላባረሩትም። ስድስት ወር ራሱ ሰንዛሪ ሆኖ በሁሉም እጅ እንዲያዝና እንዲጎነብስ ፈረዱበት። ጊዜው አልቆ ሌላውን የመያዝ ተራ ሲደርሰው እግሩ በትክክል ይገባል፤ እጁ ግን ክርን ገና እንደነካ ይከፈታል።

"አሁን ደግሞ እጅህ ይሸሻል ልጄ" አሉት።

በመከር ወራት አንድ እሑድ ሴይጁን መጣ። በቀጥታ ሄዶ ቾኤይ ፊት ቆመና በግራ እጁ ሰነዘረ። ቾኤይ ገባ፣ አሳተ፣ ያዘ፣ ወዲያው ለቀቀ።

"ምንም ሳልል ለምን ለቀቅከኝ?" አለ ሴይጁን። "በደንብ ያዝ። ሲበቃኝ አሳውቅሃለሁ።"

እንደገና ሰነዘረ። ቾኤይ ያዘው፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሴይጁን ሆን ብሎ ቆየ። መታ ሲያደርግ ቾኤይ ለቀቀው። ሠላሳ ጊዜ ያህል እንዲሁ ሠሩ፤ ሴይጁን አንዴም አልቀለደም።

በር ላይ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ቾኤይ ጭቃውን መጥቶ ያቦካለት እንደሆነ ጠየቀው።

"ተው፣ እኔው አቦካዋለሁ፤ ለክንዴም ሳይሻል አይቀርም" አለና ሽቅብ ወደ ሰፈሩ ሄደ።

ቾኤይ ከኋላው ሆኖ ያቺን ያልተዘረጋች ቀኝ ክንዱን እስክትሰወር ድረስ አያት።