የአበባ ሱቁ ገጽ የጠፋ ዕለት

አበባ ሻጯ ቸኩላ ነበር። የሠርግ ወቅት ስለደረሰ በሱቋ ድረ ገጽ ላይ አዳዲስ ፎቶዎች መለጠፍ ነበረባት። ገጹን የሠራችላት ታናሽ እህቷ ነች፤ ግን ታናሽየዋ ሱቁን ትታ ሌላ ቦታ ሥራ ከያዘች ወዲህ ተኳርፈዋል። ስለዚህ የገጽ ማረሚያውን ፕሮግራም ራሷ ከፈተች።

ፎቶዎቹ ያለ ችግር ገቡ። ነገሩ የቀለላት መሰላትና ገጹ እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዘውን የቅንብር ፋይልም ከፍታ፣ ትርጉም የለሽ ያለቻቸውን መስመሮች እንደ ደረቀ ቅጠል ለቃቅማ ጣለቻቸው። ለውጡን አስቀምጣ ስታወጣው ገጹ ነጭ ሆነ። መሃሉ ላይ “500፦ የሰርቨር ስህተት” የሚል ብቻ ቀረ።

ገጹ የተቀመጠበትን ሰርቨር ለሚያከራየው ድርጅት ደወለች።

“ሰርቨሩ ደህና ነው” አላት ባለሙያው። “ምን ነክተዋል?”

“ምንም።”

“እኛ ጋ የሚደውለው ሁሉ ምንም አልነካም” አለ ሳቁን ዋጥ አድርጎ። “ከቅንብሩ የጠፋ ነገር አለ። የድሮው ቅጂ የለዎትም?”

ቅጂው ያለው እህቷ ጋ ነው። ጥቂት ጽጌረዳ ከረከመች፣ ባልዲዎቹን ያለ ምክንያት አዟዟረች፤ በመጨረሻ ደወለች።

“አቤት” አለች ታናሽየዋ፣ ቀዝቀዝ ብላ።

“ደህና ነሽ? እማዬስ ደህና ናት?”

“እማዬ አንቺ ጋ አይደል እንዴ ያለችው?”

“ገጹን አበላሸሁት።”

“እንዳትነኪው። መጣሁ።”

እቤቷ ቁጭ ብላ ልትጠግነው ትችል ነበር፤ ግን መጣች። ኮምፒውተሩን ባንኮኒው ላይ አድርጋ የድሮውን ፋይል መለሰችው። ገጹ አሁንም 500 ይላል። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ጆሮዋ ቀላ።

ታላቅየዋ በትከሻዋ አሻግራ አየች። “ይኼ የፎቶዎቹ ማህደር አይደል እንዴ? ፋይሉን እዚህ ነው ያስገባሽው።”

“ውይ።”

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ለካ በዘር ነው።”

ሁለቱም ሳቁ። ፋይሉ ቦታው ሲገባ ገጹ ከነአበባው ብቅ አለ።

ታናሽየዋ ቦርሳዋን አነሳች። ታላቅየዋ ግን ከወንበሩ ላይ የተቆለለውን መጠቅለያ ወረቀት ወደ ወለሉ አወረደች።

“ቁጭ በይ እስቲ” አለቻት። “አዲሱ ሥራሽ እንዴት ነው? ጠይቄሽ አላውቅም።”

ታናሽየዋ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ተቀመጠች፤ ከአለቃዋ ጀምራ ማውራት ያዘች።