የታሪፏ ሴትዮ

“አሜሪካ ዛሬ የምትደቁሰው ጠላቷን አይደለም፤ ወዳጇን ነው!” አለ ኦልያድ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ። “ካናዳን አየን፣ አውሮፓን አየን። የስንት ዘመን ወዳጅነት በአንድ ታሪፍ ሲበጣጠስ ማየት አያስደስትም? እኔን በጣም ያስደስተኛል። ይቆራረጡ! እኛን ምን አገባን? እዚህ የሚጎዳ ሰው የለም።”

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ በሩ ተከፈተ። እህቱ ኢፍቱ ነበረች። በዚያ ሰዓት መገኘት የነበረባት ጋርመንት ውስጥ፣ የስፌት ማሽኗ ላይ ነው። ሰማያዊ የሥራ ጋውኗን እንደለበሰች፣ ፀጉሯ ላይ የክር ብጥስጣሽ እንደተጣበቀ ደፉ ላይ ቆመች። አፏን ልትከፍት ስትል ኦልያድ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ስርጭቱ ቀጥታ ነበር። እሷም ለምዳዋለችና ጫማዋን አውልቃ፣ በእግሯ ጣቶች ተራምዳ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ካለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ቁስቋም ዳገቱ ላይ የተከራዩዋት ክፍል አንድ ነች። መጋረጃዋ ሁለት አድርጋታለች፤ በወዲህ በኩል የኦልያድ “ስቱዲዮ”፣ በወዲያ በኩል የኢፍቱ አልጋና ምድጃዋ። ኦልያድ በኢኮኖሚክስ ከተመረቀ ወዲህ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲታክተው ቲክቶክ ላይ የዓለም ንግድ ተንታኝ ሆነ። ያን ዕለት ጠዋት ተመልካቹ ጥቂት ነበር። ያሉትም ቢሆኑ ዝም ብለው ገብተው ዝም ብለው ይወጣሉ።

ከመጋረጃው ጀርባ ኢፍቱ ማልቀስ ጀመረች። ልታፍነው ብትሞክርም ድምፅ ማጉያው ሰማው።

“ማነው የሚያለቅሰው?” ብሎ አንዱ ጻፈ።

“ሚስቱን ደብድቦ ነው” አለ ሌላው። የተመልካቹ ቁጥር ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ኦልያድ አየው። ድምፁን ዘጋና መጋረጃውን ገለጠ።

“ምን ሆነሽ ነው?”

“አሰናበቱን ኦሊ። መስመራችንን በሙሉ። ሸሚዙን የሚወስደው የአሜሪካ ድርጅት ትእዛዙን ሰረዘ አሉ። ታሪፍ ተጨመረበት ነው የሚሉት።”

ኦልያድ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለው። ደስታ መሆኑ ሲገባው እሱም ደነገጠ። ወራት ሙሉ የሌሎችን ወሬ ሲተረጉም ኖሮ፣ አሁን ታሪፉ ራሱ በሩን ከፍቶ ገባለት።

“ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ” አላት። “ይሄንን ለሕዝብ ተናገሪ። ለጓደኞችሽ ድምፅ ትሆኛቸዋለሽ።”

“ቆይ ፊቴን ልታጠብ።”

“አይ፣ እንዲሁ ይሻላል።”

ወንበሩን ለቀቀላትና ከጎኗ ቆሞ ድምፁን ከፈተ። “ተመልካቾቼ፣ በአጋጣሚ ዛሬ ጠዋት ከጋርመንት የተሰናበቱ አንዲት እህት አብረውን አሉ። እስኪ ይንገሩን፣ ምን ተፈጠረ?”

ኢፍቱ ቀና ብላ አየችው። እሱን አዝላ ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ከወረደችበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ “እርስዎ” ብሏት አያውቅም። የሥራ ደንብ ይሆናል ብላ አሰበችና ተቀበለችው።

“ኮሌታ ነው የምሰፋው” አለች። “ከጓደኛዬ ከሃዊ ጋር ጎን ለጎን ነን። ዛሬ ማሽኑን ሳንከፍት ውጡ አሉን። የሰፋነው ሸሚዝ በካርቶን ታሽጎ መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል።”

“አይዞሽ እህቴ” የሚሉ መልእክቶች መጡ። ቁጥሩ ግን ባለበት ቆመ። ከዚያ አንዱ፣ “እስኪ ታሪፍ ምን እንደሆነ ጠይቃት” ብሎ ጻፈ።

ኦልያድ መልሷን ያውቀዋል። በቀደም ራት ላይ፣ “ቀኑን ሙሉ የምትጮህበት ታሪፍ ምንድነው? ታክሲ ጨመረ እንዴ?” ብላው በሳቅ ሊሞት ነበር፤ እሷም አብራው ስቃለች። ያኔ ሊያስረዳት አልሞከረም።

“ለመሆኑ” አላት፣ “በእርስዎ አረዳድ ታሪፍ ማለት ምን ማለት ነው?”

እንዲያግዛት ፊቱን ፈለገች። እሱ ስልኩን እያየ ነበር።

“እ... ማለቴ፣ እኔ የማውቀው የታክሲውን ነው። ይሄኛው ደግሞ... ሸሚዙ ሲሳፈር የሚከፈልለት መሰለኝ።”

መልእክቱ እንደ በረዶ ወረደ። “ሸሚዙ ወንበር አግኝቷል ወይስ ትርፍ ነው የተጫነው?” “ሸሚዝ፣ ጳውሎስ ወራጅ አለ!” “እጇን እዩት፣ ይሄ እጅ ለአሜሪካ ይሰፋል?” “እንኳን አባረሯት።” ኢፍቱ በፍጥነት ማንበብ አትችልም፤ የሚስቁትን ፊቶች ብቻ ነው ያየችው። ኦልያድ በመጀመሪያ ከንፈሩን ነከሰ፤ ቁጥሩ ሲያሻቅብ ጊዜ ለቀቀው፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሱ ሲስቅ እሷም እንባዋን ሳትጠርግ ፈገግ አለች።

ደስ ያሰኘችው መስሏት ጨመረችለት። “ሌላም አለ። የሰው ኃይል ኃላፊው፣ አቶ ዓለሜ፣ ‘ውጭ ወጥታችሁ እንዳታወሩ፤ ትእዛዝ ሲመለስ ዝም ያሉትን እንጠራለን’ ብሎናል። እኔንና ሃዊን ደግሞ ለብቻ ጠርቶ ‘እናንተን መጀመሪያ’...” ድንገት አፏን በእጇ ያዘች። “ውይ! ይሄን እንዳታወጣው!”

ኦልያድ አመስግኖ ስርጭቱን ዘጋ።

“የመጨረሻዋን አታወጣትም አይደል?” አለችው።

“ትቆረጣለች” አላት። ቀጥታ ስርጭት እንደ ወጣ መውጣቱን አልነገራትም።

ከሰዓት በኋላ እሷ ተኝታ ሳለ ቪዲዮውን አሳጠረው። የአቶ ዓለሜን ነገር በእርግጥ ሊቆርጣት ፈልጎ ነበር። ደጋግሞ ሲያየው ግን ቪዲዮውን ቁም ነገር የምታስመስለው ያቺው ንግግር ሆና አገኛት። ተዋት። “ሸሚዝ ሲሳፈር” ብሎ ርዕስ ሰጠውና ለቀቀው። ሳይመሽ ከተማው ተቀባበለው። ሰዉም ለራሱ ስም አወጣላት፦ የታሪፏ ሴትዮ።

በማግስቱ ሃዊ ዳገቱን እያለከለከች መጣች። ለመቀመጥም አልፈለገችም።

“ስሜን ለምን ጠራሽው?” አለቻት ኢፍቱን። “እኔ አውሪልኝ ብዬሻለሁ?”

“ሃዊዬ፣ ቆይ ላስረዳሽ...”

“ዛሬ አሥር ሰው መልሰው ጠርተዋል። ሌላ አገር የሚሄድ ትንሽ ትእዛዝ ተገኝቶ። ሄጄ ብጠይቅ አቶ ዓለሜ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‘ጓደኛሽ ቲክቶክ ላይ ትቅጠርሽ’ አለኝ። እዚያው ሰው ፊት። በሳቅ ሞቱ።” ፊቷን ወደ ኦልያድ አዞረች። “አንተ ደግሞ፣ ያሳደገችህን እህትህን ነው ‘እርስዎ’ እያልክ የምታሾፍባት?”

ኦልያድ ስልኩን ከማየት ቀና አላለም። ሃዊ በሩን ሳትዘጋ ሄደች።

“አጥፋው ኦሊ” አለች ኢፍቱ።

“ከሰዓት አጠፋዋለሁ።”

“አሁን አጥፋው። የመዘምራኑ ግሩፕ ላይ ሳይቀር ለቀውታል። ኖህ እንኳ፣ ከጎኔ የሚዘምረው፣ መንገድ ላይ ሲያየኝ ‘ወራጅ አለ!’ ብሎኛል።”

“አይገባሽም እኮ! አሁን ባጠፋው ገጹ ይሞታል። ስንት ወር የለፋሁበት ነው።”

“እኔስ?” አለች በቀስታ።

የሚያናድደው ይኸው ነበር፤ ጮኻ አታውቅም። ስንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን እንዳቋረጠች፣ ለማን ብላ እንዳቋረጠች አንድ ቀን አንስታበት አታውቅም። ጎረቤት ግን ይነግረዋል፤ ቸርች ይነግረዋል፤ “እህትህን እንዳትረሳ” ያላለው ሰው የለም። ምንም ሳትጠይቀው ዕዳ ውስጥ ያስገባችው ይመስለዋል።

“ታዲያ እኔ ምን ላድርግሽ?” አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። “ታሪፍ የታክሲ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አላልኩም።”

ኢፍቱም፣ “እውነትህን ነው” አለችውና ሃዊ ክፍት የተወችውን በር ልትዘጋ ተነሳች። እሱ ግን ጃኬቱን አንሥቶ ቀድሟት ወጣ። ቀጠሮ ነበረው።

የቀጠረው ኪሩ ይባላል። ትልቅ የኦንላይን ሚዲያ አለው፤ የራሱ ስቱዲዮ፣ የራሱ ሠራተኞች። ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ካለ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። በአጠገባቸው ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች ማኪያቶ እየጠጡ ነበር። አንደኛዋ ኦልያድን ስታየው ጓደኛዋን በክርኗ ነካች።

“የታሪፏን ሴትዮ ያቀረብከው አንተ ነህ አይደል?” አለችው። “እስኪ መልሳት በናትህ! ገደለችን እኮ።”

ኪሩ በኩራት ሳቀ፤ ልጁን ገና ሳይቀጥረው የራሱ እንዳደረገው ሁሉ። “ፕሮግራሙን አንተ ትመራዋለህ” አለው። “ንግድ፣ ታሪፍ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ እሱን እሱን። በየሳምንቱ ደግሞ አንድ እንደዚያች ያለ ሰው ታመጣልናለህ። ለመሆኑ ከየት አገኘሃት?”

“ፋብሪካው በር ላይ” አለ ኦልያድ።

“ታውቃታለህ?”

“አላውቃትም።”

“ይሻላል። ዘመድ ከሆነ ሰው ይታዘበናል፤ ‘በቤተሰቡ ይነግዳል’ ይሉሃል፣ ስፖንሰሩም ይሸሻል። እንግዳ ሰው ሲሆን ግን ጋዜጠኝነት ነው።” የኪሩ ስልክ ጮኸ። “አንዴ መጣሁ” ብሎ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ወያሎቹ እየጮኹበት ሌላኛውን ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ ያወራ ጀመር።

ኦልያድ ስልኩን አወጣ። ከቪዲዮው ሥር አዲስ አስተያየት ወርዷል። የጻፈው ሰው ፎቶ የለውም፤ በፎቶው ቦታ ቀይ ጽጌረዳ ነው ያለው። ያን ገጽ የከፈተላት እሱ ራሱ ነው።

“ይህ ልጅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት ገና ሕፃን ነበረ ያሳደኩት እኔ ነኝ። እባካችሁ አትሳቁብኝ ሃዊንም ወደ ስራዋ መልሱልኝ” ይላል።

ስድቡም ምርቃቱም የለበትም። በአንድ ጣቷ ፊደል በፊደል እየለቀመች እንደምትጽፍ ያውቃል፤ ይቺን ለመጻፍ እሱ ከወጣ ጀምሮ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም ማለት ነው። ከሥሩ አንዱ፣ “ዝናው አምሯት ነው፣ ውሸታም” ብሏል። ሌላው ግን ኦልያድን በስሙ ጠርቶ፣ “እውነት ነው እንዴ? እህትህ ነች?” ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን የወደዱት ሰዎች እያየ እያየ በዙ።

ቀና ሲል ኪሩ ስልኩን ጨርሶ መንገዱን እያቋረጠ ነበር። ተማሪዎቹ አሁንም አልፎ አልፎ ወደ እሱ ያያሉ። ኦልያድ አውራ ጣቱን ጽሑፉ ላይ ጫን አድርጎ ያዘ። ሁለት ምርጫ መጣለት፦ መልስ መስጠት፣ ወይም መሰረዝ።

“እህሳ፣ ተስማማን?” አለ ኪሩ ወንበሩን እየሳበ።

“ተስማምተናል” አለና ኦልያድ ሰረዘው።